ሲት በቱል ተረቱን ልትለውጥ የሞከረች ጊዜ

አቡሮፍ ሰፈር ውስጥ ቅጽል ስም አንዴ ከተለጠፈብህ አለቀልህ፤ ከመቃብር በቀር የሚያስለቅቅህ የለም። ዑስማን የሚሉት የሚኒባስ ሾፌር አለ። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሲት በቱል፣ ማለትም መምህርት በቱል፣ በምታስተምርበት ሮዳ በሚሉት የሕፃናት ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆቹ ተረት ሲጫወቱ፣ አንድ ቀን ጅብ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ብቻ! በእጁና በእግሩ ድኾ ሁለት ጊዜ አውካካ፣ በቃ። ማታውኑ ሰፈሩ ሁሉ «ጅቡ» አለው። አድጎ፣ ጢም አብቅሎ፣ ኒካሕ ሲታሰርለት ሼኹ «የሙሽራው ስም ማን ነው?» ቢሉ፣ ጓደኞቹ ከበር ላይ ሆነው «ጅቡ!» ብለው ጮኹ። ሙሽሪት ስትሰማ አለቀሰች። ብታለቅስ ምን ታመጣለች፤ ዛሬ እሷም «የጅቡ ሚስት» ናት።

ሲት በቱል ትንሹን ዑስማን እንዲያ ሲጠሩት የሰማች ዕለት አንጀቷ ተቃጠለና ማለች። ከእንግዲህ በእኔ ክፍል ክፉው ሰው ልጅ አይሆንም፤ ጅቡንም፣ ጭራቁንም፣ የእንጀራ እናቲቱንም እኔው ራሴ እሆናለሁ አለች። ያኔ ምን ሐሳብ አለባት፤ ገና የሃያ ዓመት ልጅ፣ እጮኛ ያላት፣ ቁመናዋ ዓይን የሚገባ። እጮኛዋ ለሥራ ጅዳ ሄደ፣ እዚያው አገባ፣ እዚያው ወለደ። እሷ ወንድሟ ቤት አንዲት ክፍል ይዛ ቆማ ቀረች። ወደ አርባው ስትጠጋ የወንድሟ ሚስት «በቱልዬ፣ አንቺ እኮ ሃያ ልጅ ነው ያለሽ፣ እኔ ምስኪኗ ሦስት ብቻ» እያለች ትቀልድባት ጀመር። ቀልድ ነው እንግዲህ፣ ምን ይባላል።

ሮዳው አንድ ክፍል ነው፤ ከፊቱ የኒም ዛፍ፣ ከጀርባው የዓባይ ዳርቻ። ጠዋት ፊደል ይቆጥራሉ፣ ፉላቸውን ይበላሉ፣ ከዚያ ተረት ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ተረት በቀን አይወራም። «በቀን ተረት ያወራ ማታ ቤቱ ይጠፋዋል» ይላሉ የሰፈሩ አሮጊቶች፤ ሮዳው ደግሞ ማታ ዝግ ነው። በቱል ታዲያ ምን ዘየደች መሰላችሁ? መስኮቶቹን ትዘጋና የተጠቀለለችበትን፣ ቶብ የሚሉትን ረጅም ጨርቅ አውልቃ በሩ ላይ ትሰቅለዋለች። ከዚያ «መሸ!» ትላለች። ልጆቹ «መሸ!» ይላሉ። አንዱ እንደ ዶሮ ክንፉን ሰብስቦ ቆጥ ላይ ይወጣል፣ አንዷ የሌለ ፋኖስ ታበራለች፣ አንዱ ያንኮራፋል። ከመሸ በኋላ ማን ምን ይላል? አሮጊቶቹም ሰምተው «ልጅቷ ብልኅ ናት» ብለው ተዉዋት።

ከተረቱ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንዱን ነው። እናቷ የሞተችባት ልጅ አለች። ጎረቤቷ የሆነች ሴት በየቀኑ ትጠራትና ጸጉሯን ታበጥርላታለች፣ ማር በጣቷ ታልሳታለች። «የኔ ልጅ፣ አባትሽን አግባት በዪው፤ ሁልጊዜ ማር ነው» ትላታለች። ልጅቷ አባቷን ለምና ታጋባቸዋለች። በሠርጉ ማግስት አፏን ከፍታ ብትጠብቅ ሴትዮዋ አመድ ታልሳታለች። ከዚያ ወዲያ መከራ ነው፤ ወንዝ አለ፣ ጭራቅ አለ፣ የምትናገር ላም አለች። በመጨረሻ ልጆቹ በሙሉ ተነሥተው የእንጀራ እናቲቱን ከበር ውጭ ያባርሯታል። በቱል ፀሐይ ላይ ቆማ «ኧረ ማሩኝ! ኧረ ክፈቱልኝ!» ስትል እነዚያ ከውስጥ እልልታውን ያቀልጡታል። ዓመት ዓመት እንዲህ ስትባረር ኖረች፤ ሥራዬ ነው ብላ ደስ ይላት ነበር።

መጫወቱ ግን ግማሹ ነው። በማግስቱ አንድ ልጅ ይነሣና ተረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብቻውን ይናገራል። ቢጠፋበት ጓደኞቹ በእጃቸው ያሳዩታል እንጂ በአፋቸው አይነግሩትም፤ በቱልም ትንፍሽ አትልም። ከዕፍረት ብዛት አፉ የተሳሰረ ልጅ እንኳ፣ ቀኑ ሲደርስ ይናገራል። ያልተናገረች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ተይሲር።

ተይሲር የዓሣ ነጋዴው የዐብደልባጊ ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። እናቷ ከሁለት ዓመት በፊት በወሊድ ሞተች፤ የተወለደውም አልተረፈ። ልጅቷን የምታሳድጋት የሟቿ እናት ሐቦባ ኒዕማት ናት፤ ሐቦባ ማለት እዚያ አያት ማለት ነው። ተይሲር ለመናገር ትነሣለች፣ እጇን ታቆላልፋለች፣ «አንዲት ልጅ ነበረች፣ እናቷ ሞተችባት…» ትላለች፤ እዚያው ትቆማለች። «ረሳሁት» ብላ ትቀመጣለች። እንዳልረሳችው ሁሉም ያውቃል። ስትጫወት አንድ ነገር አታጎድልም፤ ስትናገር ግን ከእናቲቱ ሞት ማዶ አትሻገርም። በቱል አላስገደደቻትም። «እሺ የኔ እመቤት፣ ሌላ ቀን» ትላታለች። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ቀን እያሉ ቆዩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዐብደልባጊ እኅት ሰኪና ሮዳው ድረስ መጣች። አፏ ቅቤ የማያውቅ ሴት ናት፤ ያመጣችውን እዚያው ዘረገፈችው።

«ስሚ በቱል፤ ወንድሜ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ሰባት ሳሙና ቢጨርስ አይለቅም። ግን እጁ አይመታም፣ አፉ አይሳደብም። ያገባሽ ዘንድ ልኮኛል፤ ምን ልበለው?»

በቱል የያዘችው መጥረጊያ ከእጇ ወደቀ። «ኧረ ሰኪና፣ በዚህ ዕድሜዬ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ሁልጊዜ ይላል። እንደ ወጉ ግን የኒዕማት ምርቃት ያስፈልጋል፤ የሟች እናት ሳትመርቅ የተገባ ቤት አይበረክትም። እሷ ደግሞ ‹ልጅቷ ትጠየቅ፤ እሷ ከወደደች እኔ ምን አግብቶኝ› ብላለች። በሚመጣው ዐርብ ቤቷ እንሰበሰባለን።»

በቱል ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ባል ማግኘቱስ ይሁን፤ ዐብደልባጊን በሩቁ ታውቀዋለች፣ ደግ ነው ይባላል። ልቧን የሰቀለው ግን ሌላ ነው። ተይሲርን ማታ ማታ አስተኝታ ጠዋት ጠዋት ቀስቅሳ ልታሳድጋት ነው። ሃያ ዓመት የሰው ልጆች እጇን ይዘው መጥተው፣ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው እጇን ለቀው ሄደዋል። አንዷ ልትቀርላት ነው። አላህ ሆይ፣ ይህችን ብቻ ስጠኝ አለች፣ በጠፍር አልጋዋ ላይ ተቀምጣ።

ሰው ነችና ከዚያ ወዲያ ራሷን መግዛት አቃታት። ጠዋት ተይሲር ስትገባ የተፈታ ጸጉሯን ይዛ ትጎነጉንላታለች፤ ሐቦባ ኒዕማት ዓይኗ ስለ ደከመ ጉንጉኑ ሁልጊዜ ጠማማ ነበር። በቶቧ ጫፍ ቴምር ቋጥራ ታመጣና «የኔ ልጅ» እያለች ለብቻዋ ታቀምሳታለች። ልጅቷም መጣበቅ ጀመረች፤ በምሳ ሰዓት አጠገቧ ትቀመጣለች፣ ጣቷን ይዛ ትጫወታለች። በቱል ደስታዋን የምታደርግበት አጣች፤ ስትራመድ እንኳ ያስታውቅባት ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ልጆቹ ያንኑ ተረት ካልተጫወትን አሉ። መስኮቱ ተዘጋ፣ ቶቡ ተሰቀለ፣ መሸ ተባለ። በቱል እንደ ወትሮዋ ማር የምታልሰዋ ጎረቤት ሆና አንዲቱን ልጅ ጠራችና ጸጉሯን ማበጠር ጀመረች። ሙዘሚል የሚባል ወሬኛ ልጅ ከቆጡ ላይ ሆኖ «እዩዋት! እዩዋት! ጠዋት ተይሲርን እንደምታደርጋት አደረገቻት!» አለ።

ልጆቹ ሣቁ። ተይሲርም ሣቀች። የበቱል እጅ ግን ልጅቷ ጸጉር ውስጥ ደርቆ ቀረ። ወይ ጉድ! ጸጉሩ ያው፣ ጣፋጩ ያው፣ «የኔ ልጅ» የሚለውም ያው። በየዓመቱ እየተጫወተች ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ከእንዲህ ያለችዋ ተጠንቀቁ» ብላ ያስተማረቻት ሴት ዛሬ ቁጭ እሷን ሆናለች። ልጆቹ ደግሞ ማታ ማታ ቤታቸው ይህንኑ ተረት ይናገራሉ፤ እናቶቻቸው በቃላቸው ያውቁታል። አቡሮፍ ውስጥ ማሯን የማያውቅ የልጅ እናት የለም።

ረቡዕ ዕለት ለተይሲር ቴምሩንም ጉንጉኑንም አስቀረችባት። «ሂጂ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ተቀመጪ» አለቻት፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ። ልጅቷ ምን አጠፋሁ ብላ ቀኑን ሙሉ ከሩቅ ስታያት ዋለች። ያ ዓይን በቱልን ገደላት፤ ከሰዓት ሳይደርስ ጠርታ አቀፈቻት። እንግዲህ ምን ቀረ? ተረቱን መለወጥ ነዋ!

«ዛሬ ተረቱ ትንሽ ይለያል» አለች፣ መስኮቱን ዘግታ። «ሴትዮዋ ከሠርጉ በኋላም ማር ነው የምታልሳት። ሁልጊዜም ትወዳታለች።»

 ሙዘሚል «ሲት፣ ተሳሳትሽ!» አለ።

«አልተሳሳትኩም። እንዲህም አለ።»

«የለም! አመድ ነው! አመድ ነው!» ሁሉም ተንጫጩ። «ታዲያ ማንን ነው የምናባርረው?» አለች አንዲት ትንሽ ልጅ፣ ሊያለቅስ የተዘጋጀ ፊቷን ይዛ። «ላሚቱስ ለምን ትመጣለች?» አለ ሌላው። በእውነት ለምን ትመጣለች? ክፉ ከሌለ ላሚቱ ሥራ የላትም።

ተይሲር ግን አልጮኸችም። ተነሥታ በቱል አጠገብ ቆመችና በሹክሹክታ «ሲት፣ እኔ እኮ ልናገረው ነበር» አለች። «ቤት ለብቻዬ ስለማመድ ነበር። እናቷ ከሞተች በኋላ ያለውንም እችለዋለሁ። አሁን ከለወጥሽው ይጠፋኛል። የድሮውን መልሽልኝ።» 

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ስንት ወር ሙሉ የጠበቀችውን ነገር በገዛ እጇ ልታበላሸው! በቱል «ልክ ናችሁ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የድሮው ነው እውነተኛው» አለች። ልጆቹም ደስ ብሏቸው አመዱን ተቀበሉ፣ አባረሯትም። ያን ቀን ፀሐዩ ላይ ቆማ «ማሩኝ» ስትል ድምፅዋ አልወጣም፤ ልጆቹ ጮክ በዪ እያሉ ከውስጥ አሳሰቧት።

ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ሐቦባ ኒዕማት ቤት ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ኒዕማት ራሷ፣ ሰኪና፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ በቱል። ከርከዴ ቀረበ። ኒዕማት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጇን የቀበረች ሴት ናት። የሟቿን አልጋ እስከ ዛሬ አላነሣችውም፤ ተይሲር በዚያ ላይ ነው የምትተኛ። ከርከዴዋን አስቀምጣ የልጅ ልጇን ጠራቻትና በጉልበቷ መሀል አቆመቻት።

«ተይሲርዬ፣ የልጄ ልጅ፤ ሲት በቱል አባትሽን ብታገባ ትወጃለሽ? አትፍሪ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

ተይሲር ሴቶቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ በቱልን አየችና ፊቷ በራ። «ሐቦባ፣ ተረት ልንገር?»

«ምን ተረት ነው አሁን?»

«እችለዋለሁ። እስከ መጨረሻው እችለዋለሁ። መስኮቱ ይዘጋ፤ መሸ በሉ።»

ከጎረቤቶቹ አንዷ ወደ ሌላዋ ጠጋ ብላ «ልጅ እንዲህ ነው፤ የሆዱን ፊት ለፊት አይናገርም፣ በተረት ነው የሚመልስ» አለች። በዚያ አገር እንዲህ ያምናሉ። ሌላዋም «አዎን እውነት ነው፣ ተያት ትናገር» አለች። መስኮቱ ተዘጋ።

«አንዲት ልጅ ነበረች» አለች ተይሲር፣ እጇን አቆላልፋ። «እናቷ ሞተችባት።»  ልጅቷ አንዴ ምራቋን ዋጠችና ተሻገረች! «እናቷ ሞተችባት፣ ቀበሯት፣ ልጅቷም አለቀሰች። ጎረቤት ደግሞ አንዲት ሴት ነበረች…» ቀጠለች። ጸጉር አበጠረች፣ ማር አላሰች፣ ድምፅዋን እያለዘበች «የኔ ልጅ» አለች፤ የበቱል ድምፅ ቁርጥ ራሱ ነው። አባትዬውን አጋባች። አመዱን በጣቷ አንሥታ አሳየች። ወንዙን አሻገረች፣ ላሚቱን አናገረች። አንድ ቦታ እንኳ አልተሰናከለችም። በቱል ደስታዋም ፍርሃቷም እኩል መጣባት፤ እንባዋ ወረደ፤ የየትኛው እንባ እንደሆነ እሷም አላወቀችው።

ተይሲር ጨርሳ ቆመች። ኒዕማት ፊቷ አመድ መስሏል።

«ኧረ በአላህ፣ ተረት እኮ ነው! ምን ሆናችሁ?» አለች ሰኪና። «የሰፈሩ ውርጋጥ ሁሉ የሚለው ነው!»

«ቆይ አንቺ» አለች ኒዕማት። ወደ በቱል ዞረች። «ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን እንደምትጎነጉኚላት፣ ቴምርም እንደምታበዪያት አውቃለሁ፤ ነግራኛለች። ደስም ብሎኝ ነበር። ተረቱን ግን ዛሬ መስማቴ ነውና አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ማሩና ጸጉር ማበጠሩ ከተረቱ ውስጥ ያለ ነው? ወይስ ልጅቷ ስላንቺ ልትነግረኝ ፈልጋ ከራሷ ያስገባችው ነው? ካለ፣ ተረት ነው እላለሁ። ከሌለ ግን ልጅቷ አድኚኝ እያለችኝ ነው ማለት ነው።»

ሰኪና በደስታ ልትዘል ነበር፤ መውጫው ተገኘ! «አለ በዪያ!» አለቻት በክርኗ እየጎሰመቻት። በቱልም አፏን ከፈተች። «አለ፤ ከድሮም ያለ ነው» አለች። «አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አላጎደለችም። ልክ ነው የተናገረችው።»

ተይሲር በደስታ አጨበጨበች። «ልክ ነው አለች! ሐቦባ፣ ልክ ነው አለች! ረቡዕ ዕለት እኮ ሲት ለውጣው ነበር። ሴትዮዋ ከሠርጉ በኋላም ማር ነው የምታልሳት ብላን ነበር፤ እኔ ነኝ የድሮውን ያስመለስኳት!»

ልጅ ምን ያውቃል። መምህርቷን ያመሰገነች መስሏት ነው።

 «ረቡዕ» አለች ኒዕማት። «ሰኪና የላክናትን ይዛ ከመጣች በኋላ። ለሃያ ዓመት አመድ የነበረውን፣ በዚህ ሳምንት ማር ልታደርጊው ፈለግሽ። ለምን በቱል?»

 በቱል ልጅቷን ስለምወዳት ብትል፣ ተረቷ ውስጥ ያለችውም ሴት ያንኑ ነው የምትለው።  «ፈርቼ ነው» አለች ብቻ።

«እኔም ፈራሁ» አለች ኒዕማት፣ ዓይኗን በቶቧ ጫፍ እየጠረገች። «አልረግምሽም፣ ክፉ ነሽም አልልም። ግን አልመርቅም። ልጄን ለአፈር ሰጥቼ፣ ይህቺን በጥርጣሬ አልሰጥም። ለዐብደልባጊ እኔው እነግረዋለሁ።» ጎረቤቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። በሴቶች ፊት የወጣ ቃል አይመለስም፤ ሰኪና እንኳ አፏን ዘጋች።

በቱል ተነሥታ ቶቧን አስተካከለች፣ «ሰላም ሁኑ» ብላ ወጣች። ግቢው መሀል ስትደርስ ተይሲር እየሮጠች ደረሰችባትና እጇን ያዘች።

«ሲት፣ አባዬ ሲያገባሽ አልጋዬን ካንቺ አልጋ አጠገብ ታደርጊልኛለሽ? ሐቦባ ጋ ብቻዬን ስተኛ እፈራለሁ። ለነሱ ልነግራቸው ነበር፣ ተረቱ እንዳይጠፋኝ ብዬ እሱን አስቀደምኩ።»

በቱል ወደ ቤቱ ዞረች። ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ያዩዋቸዋል። አሁን ይህቺን ልጅ እጇን ይዛ ተመልሳ «እነሆ፣ ራሷ ትንገራችሁ» ብትል፣ እግቢው ድረስ ወጥታ አባብላ አመጣቻት ከማለት በቀር ምን ይላሉ? ጎንበስ ብላ የልጅቷን ጠማማ ጉንጉን ልታስተካክል እጇን ሰደደች፤ ኒዕማት እያየቻት ነው፤ እጇን መለሰችው።

«ሂጂ የኔ ልጅ፣ ሐቦባሽ ትጠራሻለች» አለቻት።